በየትኛው ሀ?

ፋይዳ ልመዘገብ ከከዚራ ዛፎች ሥር ተሰልፌ ዋልኩ፤
ተራዬ ደርሶ ከማሽኑ ፊት ቁጭ አልኩ።
«ስም?» ራውዳ። «የአባት?» ላዛሮ። «የአያት?» ኤሬራ።
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጠጉሬን፣ አፍንጫዬን፣ ሁሉን በተራ።
የእናቴን ፎቶ ሰጠሁት፤ ጀርባው ላይ በአባቴ እጅ ተጽፏል።
«እዚህማ» አለ፣ «ከፊቱ ሀ አለ፤ አንቺ ስትጠሪው የት ይጠፋል?
በየትኛው ልጻፍልሽ? በሀሌታው፣ በሐመሩ፣ በብዙኃኑ?»
«በማይሰማው» አልኩት።
ሰልፈኞቹ ሳቁ፤ ቀልድ ነው ብለው አመኑ።

እኔም አንድ ሰሞን ኤሬራን ሰው ነው ብዬ፣ አያት ነው ብዬ፣
ምርኩዝ አስይዤው፣ ሽበት አውጥቼለት፣ በሐሳቤ ምርቃቱን ተቀብዬ
አድጌያለሁ። መዝገቡ ነው ያሳሳተኝ፤
ከአባት ቀጥሎ ያለው ሳጥን ሽማግሌ ካልገባበት ባዶ መሰለኝ።

ጋሽ ድሪባ ነው ያነቃኝ። ጦርነት ወላጆቹን በልቶበት፣ በመርከብ ተጭኖ
በወጣቶች ደሴት ያደገ፤ ስፓኒሽን በጉንጩ እንደ ጫት ይዞ የተመለሰ፣ አናጢ ሆኖ።
«ሰውዬ አይደለም» አለኝ፣ «ስፍራ ነው፤ ብረት የሚቀልጥበት።
ድሮ በሮማውያን አፍ ፈ ነበረች ከደጁ የምትቆምለት።
ፈ ሳሳች፤ ትንፋሽ ብቻ ቀራት፤ ሀ ሆነች፤
ሀም ደከማት፤ ትጻፋለች እንጂ፣ ይኸው ዝም አለች።
ግንበኛ በቤርጋ የሚገዛው ፌሮ፣ የባቡሩ ሽማን ደፌር፣ ያንቺም ስም
የአንድ ምድጃ ልጆች ናቸው፤ ከወጡ በኋላ ነው የተረሳሱት፣ እንደ ወንድም።»

ይኼን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእናቴ አባት ቱፋ ነው፣
ሠላሳ ዓመት በአተሊዬ የባቡሩን ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረው።
ቀን የተሰበረ ሲያመጡለት «እጀ ወርቅ» ይሉታል፤
ማታ በደጃቸው ሲያልፍ ሕፃኑን በሻሽ ይሸፍኑታል።
በጦርነቱ ዓመት አንድ ኩባዊ የተሰበረ ባሌስትራ ተሸክሞ መጣ፤
ቋንቋ የላቸውም፤ መስፉ ላይ ጣለውና ጣቱን አወጣ።
«ኢዬሮ» አለ ላዛሮ።
«ፌር» አለ ቱፋ።
ተግባቡ። እናቴም ምሳ ይዛ ደረሰች።
የቀረውን አልነገረችኝም፤ ፎቶውን ሰጥታኝ ዝም አለች።

ግን ፎቶው ላይ ያለው ሰው ጥቁር ነው፤ ከእኔም የጠቆረ።
«የስፔን ስም ከየት አመጣ?» ስለው ጋሽ ድሪባ ማኘኩን አቁሞ አቀረቀረ።
«ቅድመ አያቶቹን ሸንኮራ ያስቆረጣቸው ጌታ ይሆናል» አለ፣
«ከብት በጋለ ብረት እንደሚተኮስ፣ ስሙ ላያቸው ላይ ዋለ።»
ያን ቀን ሁለተኛ አልጠየቅሁም።
ደቻቱ ሰማይ ጠርቶ ይሞላል፤ ዝናቡ ከሩቅ ጋራ ነው፤ እኛ አናየውም።

ብዙ ናቸው አሉ። ስፔን ይሁን፣ ሜክሲኮ ይሁን፣ ኮሎምቢያ፣
ገበያ መሐል አንዱን ስትጠራ አርባው ዞሮ ያይሃል አሉ፣ ከወዲህም ከወዲያ።
በድሬዳዋስ ስንት ናቸው?
አንድ። ታይዋን ሽርጥ የምትሸጥ፣ ጉልበቷን የሚያማት።
ልጄ ያስር የአባቱንና የወንድ አያቱን ስም ይዟል፤
በእሱ ካርድ ላይ ለእኔ እንኳ ሳጥን የለም፤ ኤሬራማ የት ይውላል?
እኔ ስሞት ቁጥሩ ዜሮ ነው።
ለቆጣሪ ይቀለዋል።

ልጁ ሳቁን ሲጨርስ ሀሌታውን መረጠልኝ፤ ሄ ብሎ ጀመረው።
ላርመው ነበር፤ ተውኩት፤
በእኛ ፊደል ተጽፎ ዝም የሚል የት አለ፣ ያልተነገረው?
አሥር ጣቴን አስነክቼ ወደ ጥላው ተመለስኩ።
ቆይቶ ዘበኛው ወረቀት ይዞ ወጣ፤ የጥሩንባ ያህል ድምፅ አለው፤
«ራውዳ ላዛሮ ሄሬራ!»
ከነሀዋ። ከነትንፋሿ።
ስንት መቶ ዓመት አፏን ዘግታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ሸንኮራ ቆርጣ፣
ከዚራ ስትደርስ አንድ ዘበኛ አፏን አስከፈታት።

«አቤት» አልኩ።