ሰማያዊ ክር

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አመላልሼ፣
በስትራውድ ዳገት በካፊያ በስብሼ፣
ጡረታ ስወጣ ከረጢቱን መልሼ፣
የሙታንን ፖስታ ማሳደድ ያዝኩኝ፤
ውሻ አይነክስበትም፣ ደጅ አያስጠናኝ።
ሞርዌና ሚስቴ ግን አትለቀኝ በነገር፦
«የሰው ፖስታ ሳትከፍት ጠጉርህ ሸብቶ ነበር፤
አሁን ገንዘብ ከፍለህ ታነባለህ ምሥጢር!»

ነገሩስ እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ፣
የፋብሪካ ጥላሸት ሲጋርደው ሰማይ፣
ኦስዊን የሚባል ሰው፣ ጢማም፣ ባለ ራእይ፣
ሰባት ሰው አስከትሎ ከሎንዶን ኮብልሎ፣
ከኮረብታችን ሥር አውደ ሥራ ተክሎ፣
«ማሽን ነፍስ የለውም፣ እጅ ይሥራ» ብሎ፣
ወንበሩን ከባሉጥ፣ መስኮቱን ከእርሳስ፣
ግድግዳውን በሐረግ፣ በወፍ ሲያለብስ፣
መጽሐፉን በሐር ክር፣ በብራና ልብስ፤
«ውበት ለሁሉ ሰው!» ይህ ነበር መሐላው።
የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ላም ነው ከነጥጃው።

መቶ ሃያ አትመው ዛሬ ያለው ጥቂት፤
ስምንቱን አይቻለሁ፣ ሙዚየም፣ በመስታወት፤
ዘጠነኛው የኔ ነው፣ በርካሽ የገዛሁት።
ነጋዴው ፊልፖት ነው እንከኑን ያሳየኝ፣
«አራተኛው ጥራዝ፣ ተመልከት» እያለኝ፦
በነጩ ሐር መሀል ሰማያዊ ጥጥ ክር።
«ኋላ የጠገነው አንድ ደንባራ ነበር፤
ግማሽ ዋጋ ክፈል።»
ከፈልኩ፣ ሳልከራከር።
በዝርዝር ካርዴ ላይ በእርሳስ ጽፌ፣
«ጉድለት፦ ባዕድ ክር»፣ ወሰድኩት አቅፌ።
ስገልጠው ይሸታል ሙጫና የክረምት ፖም፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ክር አልወደድኩም።

ባለፈው ኅዳር ወር፣ ሳይረንሰስተር፣ ጨረታ፤
የኦስዊን ደብዳቤ ተደርድሯል በተርታ።
በኅዳጉ ወፍ ሥሎ፣ ፊደሉን አስጊጦ፣
ለወይዘሮ፣ ለጳጳስ፣ በቄንጥ ተቀምጦ
የጻፋቸው ናቸው።
እጄን ሁለቴ አነሣሁ። በሦስተኛው ጡረታዬ አነሰ።
ካፖርቴን ስደርብ ዓይኔ ከጠረጴዛ ሥር ደረሰ፤
የካርቶን ሣጥን፣ «ልዩ ልዩ»፣ አሥር ፓውንድ።
የፍየል ቆዳ ዕዳ፣ የሙጫ ደረሰኝ፣
በመሀሉም አንድ ፖስታ፤
ቴምብሩ ቀይ፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ፣
አፉ እንደ ታሸገ ማንም ሳይከፍተው የዋለ።
የኔ ቢጤ ፖስተኛ በሰዓቱ አድርሶታል፤
የተጻፈለት ሰው አስቀምጦ ረስቶታል።

ማታ ሞርዌና ቢላ አቀበለችኝ። አልቀለደችም።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው።

«ጌታዬ ሆይ፣ ታቢታ ነኝ፤ ከመስኮቱ ሥር የምቀመጠው፣ ጥራዝ ሰፊዋ።
የአምስት ሳምንት ደሞዝ አልተከፈለኝም፤
በሳምንት ስምንት ሽልንግ ነው፤ እናቴም ከሰል የላትም።
ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገር ብሄድ ይከነክነኛል።
ሐሙስ ማታ ነጩ ሐር አለቀ። እርስዎ ሎንዶን ነበሩ፤
መጽሐፉ ለዓርብ ይፈለጋል ተባለ።
የቀሚሴን ጠርዝ ተረተርኩ፣ ሰማያዊ ነው፣
አራተኛውን ጥራዝ በሱ ሰፋሁት።
ጠንካራ ነው፤ በጥርሴ ስቤ አይቼዋለሁ።
የክሩን ዋጋ አልጠይቅም።
መጽሐፉን ማን እንደ ገዛው ቢነግሩኝ ግን ደስ ይለኛል።»

ደረጃውን በካልሲ፣ ሁለት ሁለት እየዘለልኩ፣
አራተኛውን ጥራዝ ከመብራቱ ሥር ገለጥኩ።
ነጩ ሐር አርጅቷል፤ ቢጫ ሆኖ ላልቷል፤
ያ ሰማያዊ ጥጥ መጽሐፉን ይዞታል።

ማን ገዛው ላልሽኝ፣ ታቢታ፣ ፔግለር ይባላል፣ ፖስተኛ ነው፤
የላም ዋጋ ኖሮት አያውቅም፤ ያንቺ ክር ባይኖር ባልገዛው።

ካርዱን አወጣሁ። «ባዕድ ክር» የሚለውን በላጲስ አጠፋሁ።
«ጉድለት፦» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ሻዬ እስኪበርድ ቆይቼ፣ ጻፍኩ፦
የአምስት ሳምንት ደሞዝ።