እንየው

ሽምብጥ፣ ከቤታችን ከቆርቆሮው በላይ፣
ሁለት እንጨት ቆሟል፦ አንዱ ኮረብታውን፣ አንዱ ጣናን የሚያይ፤
ጫፋቸው አሉሚኒየም፣ ወገባቸው በመረብ ገመድ የታሰረ፣
ነፋስ ከሐይቁ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ያንጎራጎረ።

የኮረብታው የአባቴ ነው፤ የአዲስ አበባ ዜና፣
ኳስ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የነገው ደመና።
የሐይቁ የእናቴ፤ ማዶ ጎንደር ቀርታ
እህቷ የምታየውን ልታይ በዚያው ማታ።

ቴሌቪዥኑ ግን አንድ፤ ከኋላው አንድ ጆሮ፤
አንዱ ሲሰካበት ሌላው አኩርፎ አድሮ፣
ኩርፊያው በሽቦ ወርዶ ማዕድ ላይ ዘለቀ፤
«ጨው ስጪኝ በላት» ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

አንድ ቅዳሜ ነው፣ የዓሣ ሽታ ባለው፣
ከወደቡ መጣ ጠጋኙ እንየው፤
ሬዲዮም፣ ካውያም፣ የጀልባ ሞተርም የሚፈታ፣
ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን የሚተርፈው ጌታ።

ሁለቱን ሽቦ ላጠ፤ መዳብ ከመዳብ አገናኘ፤
ጠመጠመው። ስዕል ተገኘ፤
ግን ዜና አንባቢው ሁለት አፍንጫ አበቀለ፤
አንድ ኳስ ሲመታ ሁለት ተንከባለለ፤
በረኛው የሌለውን ያዘ። አባቴ ሳቀ።
እናቴም፣ ሳታስበው፣ ከንፈሯ ተላቀቀ።

«የሷም እንጨት» አለ፣ «ያንተን ጣቢያ ይሰማል
በጎን ጆሮው፤ ሽቦው ረዝሞ ዘግይቶ ያወራል።
ሁለት ሰው አንድ ወሬ እኩል ካላወሩ
ጥላ ነው የምታዩት። ሽቦዎቹ ይመተሩ።»

በክንዱ ለካ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤
ከረጅሙ ቆርጦ ላጭሩ ቀጠለለት።
የክብሪት ቀፎ የምታህል ማገናኛ ሠራ፤
በጥርሱ ብሎን ነክሶ ወጣ ወደ ጣራ።

አባቴ መሰላል ይዞ። እናቴ ከስዕሉ ፊት።
እኔ ደጃፉ ላይ፣ የሁለቱ ድልድይ፣ የቃል ፖስተኛ ልጅነት።
«መጣ?»
«መጣ!» እሷ፣ «መጣ!» እኔ፤ ሳላደርሰው ሄዷል፤
«ሄደ!» ስንለው ደግሞ ተመልሶ መጥቷል።
የእናቴ ቃል በእኔ በኩል ጣራ እስኪደርስ ያረጃል፤
ለካስ ወሬ በሰው ሲሄድም ጥላ ይወልዳል።

ይኼኔ አባቴ፣ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ጮኸ፦ «እንየው!»
እናቴም ከውስጥ፣ በዚያው ቅጽበት፦ «እንየው!»
ሁለት አፍ፣ አንድ ቃል፣ እኩል፤ ጥላ አልነበረው።
ጠጋኙን ይጥሩ፣ አብረን እንይ ይባባሉ፣ የሚያውቅ ማነው?

«አቤት!» አለ ከላይ፤ እጁን ከብረቱ አነሣ፤
ስዕሉም ረጋ፣ እንደ ጣና ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ።

ማታ ተከታታዩ ሲጀምር እናቴ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ፣
«ይኼኔ እሷም ሳቀች» አለች፣ ወደ ሐይቁ ዞር ብላ።
ታረቁ አልልም፤ ጨው እስከ ፋሲካ በእኔው በኩል ሄደ፤
ብቻ ሶፋው ላይ በመሃላቸው ካለው አንድ ክንድ ወረደ።

ዛሬ ሠፈሩ ሳህን ሰቅሏል፤ ሁሉም ወዳንድ ሰማይ
አንጋጦ፣ ጎን ለጎን ቆሞ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ።
እንየው ወደ መተማ ሄደ አሉ፤ ትርፍ ብሎኖቹ አሁንም
በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አሉ፤ የምን እንደሆኑ አላውቅም።

እንጨቶቹም አሉ፤ ዓሣ በሏ ወፍ ታርፍባቸዋለች።
የአባቴው፣ እሱ በሞተበት ክረምት፣ መሬቱ ርሳ ሳለች፣
ዘመመ። አፍንጫውን ከኮረብታው አንሥቶ
ሐይቁን ያያል፤ ከእሷ እንጨት ጋር፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ተጠግቶ።

ባለፈው እሑድ መሰላል አወጣሁ፤ ላቃናው፣ ገመዱን ላጠብቀው።
እናቴ በመስኮት፦ «ተወው» አለችኝ።
ዝም ብላ ቆየች። «ተወው።
እንየው።»