ከታች ያለችው ሰረዝ

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣
ማመልከቻ እየተየብሁ፣ በገጽ በገጽ የምታበላኝ።
ደንበኛዬ በየቋንቋው ምልክቱን በጣቱ ያሳየኛል፤
ስሙን እሱም እንጃ፣ እኔም እንጃ፤ ሥራው ግን ይሠራል፣ ይከፈለኛል።

ሂቦ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ፣ «ያችን ጥምጥም አግቢበት» ትለኛለች፤
አት ማለቷ ነው፤ የአባቷን ሻሽ በአየር ላይ ትጠመጥማለች።
አንዱ «መሰላሏን» ይላል፣ አንዱ «ሐሽ»፣ አንዱ «ወንፊቷን ምቺልኝ»፤
ያችን እግሯን አጣጥፋ በርጫ ላይ የተቀመጠች የምትመስለውን
ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፤ ደግ አደረጉልኝ።

በጥቅምት አባ ፉርጋሳ መጡ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣
ሠላሳ ዓመት ሐዲድ የጠገኑ፤
እጃቸው ለመዶሻ ፈጣን፣ ለብዕር ግን ዳተኛ።
የልጅ ልጃቸው አድራሻውን በሲጋራ ካርቶን ጽፎላቸው፣
«ጡረታ፣ ሰረዝ፣ ድሬ» ብለው አነበቡልኝ፤ ላክሁላቸው።

ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም። በየሰኞው ኮፍያቸውን አውልቀው
«ምን አሉ?» ይሉኛል፤ «ምንም» እላለሁ፣ ዓይኔን ከማሽኑ ሳልነቅለው።
አንድ ሰኞ ግን ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ሰግተው፣
«ያኔ ‹ሰረዝ› ብለን ነበር፤ ሰረዙኝ እንዴ ሰምተው?»

ካርቶኑን ተቀብዬ፣ መነጽሬን ጠርጌ ሳየው፣
ሰረዟ ከታች ናት፣ መሬት ላይ፤
መሐል የሰቀልኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

«ለውጥ አለው?» አሉ።
«አለው አባ፤ ያችኛዋ ምድር ይዛለች፣ የኔዋ አየር ላይ ናት።»
ዝም አሉ። ወደ ደቻቱ ዞረው ደረቁን አሸዋ አዩት።

«በጎርፉ ዓመት፣ ሌሊት፣ ውሃው አፈሩን ጠርጎ ሄደ፤
ሐዲዱ እንደ ልብስ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ።
ቡሎኑ አልላላ፤ ላየው ሰው ደኅና ነው።
ፋኖሴን ወዝውዤ ባቡሩን አስቆምሁት።
ልጄ፣ አየር ላይ ባለ ሐዲድ የሚያልፍ የለም፤
ደብዳቤም ቢሆን ይቀራል፤ ይኸው፣ አንቺም አየሽው፣ እኔም አየሁት።»

እንደገና ላክሁ።
መልሱ? ገና ነው፤ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰኞም ይመጣሉ።
ያቺ ሰረዝ ግን በሱቄ ስም አወጣች፤ ሁሉም በስሟ ይጠሯታል።
ሂቦ እንኳ ለመደቻት፦ «ሂቦ፣ ሐዲድ፣ ጨርቅ፣ ጥምጥም» ትለኛለች፤
እኔም ቀስ ብዬ፣ ከመሬት አስተኛታለሁ።