ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ

ዝናቡ አባርቶ ውሃው ሲሸሽ ጊዜ
የኩች ሜዳ ይሰነጠቃል ልክ እንደ ተረከዜ።
ድስትና ፍራሹን በትራክተር ጭነን
ስምንት ወር ልንከርም ከጨው ጋራ ሆነን
እንወርድ ነበረ።
አባቴ ጉድጓዱን ሲምስ እየዋለ
እኛ ጭቃ ስንረግጥ እግራችን ቆሰለ፤
ቆስሎም አልቀረ፣
ጨው ጠጥቶ ጠጥቶ ደረቀ፣ ጠጠረ።

አጎቴ ቫላ ሲሞት፣ ገላው ሁሉ ሲነድ፣
እግሩ ብቻ ቀረ፤
እሳቱን እምቢ አለው፣ አልሆን አለ አመድ።
ጨው ነስንሰን ቀበርነው ለብቻው፣
እንደ ሌላ ሰው።

በመጋዘኑ በር፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
ሚዛን የሚያቆም ሰው፣ ስሙ ጄሳንግ ጌላ፣
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ደብተር ከጉልበቱ፣
ጨዋችንን ይለካል፣ ሳይገለጥ ፊቱ።
"ዘጠና ስምንት" ይላል።
"እሺ" ይላል አባቴ።
ጨዋ ነው አባቴ፣ በሁለቱም ፍቺው፤
ፊደል ያልቆጠረ፣ ክርክር የማይመቸው።
አውራ ጣቱን ነክሮ በሰማያዊ ቀለም
ያትማል ከግርጌ፤ ሌላ ፊርማ የለውም።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ ጥር ላይ፣ በማለዳ፣
ያው ሰው መጣ፤ ጋሪው ላይ ሸራና ሰሌዳ፣
ከኋላው እያስነጠሰ አንድ ቀጭን መምህር።
"ትምህርት ቤት ነው" አለ።
ማን ይመን? እናቴማ፦
"ነጋዴ ቸር ሲሆን
ወይ ሞቱን አልሟል፣ ወይም ደርሶ ይሆን
የምርጫው ሰሞን።"

ምርጫው መጥቶ ሄደ፣ እሱ አልተወዳደረ፤
ከሸራው ጎን ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ሸራ በጨው ላይ አደረ።
ሰባት ደረሱ።
የከተማ ቤቱን ሸጦ ለደመወዝ፣
ልጆቹ ቢያኮርፉት፣ ምራቱም ብታፌዝ፣
ነፋስ ሸራ ሲቀድ ወስፌውን አንሥቶ
ይጠቅመው ነበረ ፀሐይ ላይ ተጎልቶ።
እኛም ጠመኔ ሲያልቅ፣ ከክምሩ ዘግነን፣
በጥቁር ጭቃ ላይ በጨው እየጻፍን ባለ ስም ሆንን።
ባለሥልጣን መጥቶ አበባ ሲያጠልቅለት
አንገቱን ደፋ፤
ትሕትና መሰለን።

ወረቀት የጠፋ ዓመት፣ "ጀርባው ባዶ ነው" ብሎ
የድሮ ደብተሮቹን አመጣ በጆንያ ጠቅልሎ።
መቶኛ እየተማርን ነበር ያን ሳምንት።
ገጹን ሳዞር፣ ከሒሳቤ ማዶ፣
አባቴን አየሁት፦ የአውራ ጣቱን ዙሪያ፣
መሃሉ ላይ ጠባሳ፣ አካፋ የተወለት።
ከጎኑ በቀለም፣ "ዘጠና ስምንት"፤
ከጠርዙ፣ በእርሳስ፣ ድምፁ እንደተዘጋ ሰው፣
"መቶ"።
ገለጥኩ። ዘጠና ስምንት። መቶ።
ገለጥኩ። ዘጠና ስምንት። መቶ።

ሌሊቱን በኩራዝ ስደምር አነጋሁ፤
ድንኳኑ በር ላይ አገኘሁት፣ ፈራሁ።
"ስንት ሆነ?" አለኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።
"የአባቴ ብቻ፣ የአንድ ዓመት፦
አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ኪሎ።"
ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት።
"ሃያ ጨምሪበት፤ አንድ ገጽ ዘለሻል" አለ ቀስ ብሎ።
ቆየና፦
"ልናገረው ስንቴ ተነሣሁ፤ አንደበቴ ከዳኝ።
ሰባት ቤት ከፈትኩ፣ ቆጥሮ የሚደርስብኝ አንድ ሰው ቢገኝ።"

ሮጥኩኝ ለአባቴ። ቁጣውን ጠብቄ
ደብተሩን ዘረጋሁ፣ እንባዬን አምቄ።
አላየውም። ትከሻው ላይ የቀረ ጨው አራገፈ፦
"ይህ ትከሻ መቶን ከዘጠና ስምንት ለይቶ ያውቃል፣ ልጄ።
ድሮም አውቅ ነበር።
ግን ትከሻ አይጽፍም።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ጠባሳማ ጣት
ወረቀቱን እየዳበሰ፦
"መቶዋ የቷ ናት?"