አሥር ላሪ

መስኮቴ ጠባብ ናት፤ ፊት አታሳይም፣
እጅ ብቻ ታስገባለች፤ እጅ ደግሞ አይዋሽም።
ሳርፒ ላይ፣ ከኬላው ሥር፣ ከጥቁር ባሕር አጠገብ
አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ የሰው ብር ስዘረጋ፣ የሰው ብር ስሰበስብ።
ሊራ በዚህ ይገባል፣ ላሪ በዚህ ይወጣል፤
ሰሌዳው ቁጥር ሲቀይር የሰልፉ ትንፋሽ ይለወጣል።

የሾፌር እጅ አውቃለሁ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፤
የቁማርተኛ እጅ አውቃለሁ፣ ባቱሚ የነጋበት፣
ማታ ኪሱን ሞልቶ ገብቶ
ጠዋት ለአውቶቡስ የሚለምን ቀለበቱን አውጥቶ።
«ቀለበት አንመነዝርም» እለዋለሁ።
(ይችን ዐረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ አውቃታለሁ።)

የሻይ ለቃሚ እጅ ግን ከሁሉም ይለያል፤
ሳሙና ያልበገረው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር ይታያል።
ጺሳናን የማውቃት በዚያ ነው።
ግንቦት ላይ በባዶ ቦርሳ ወደ ሪዜ ትሻገራለች፣
ጥቅምት ሲብት ተመልሳ መስታወቴን ታንኳኳለች።

ያን ዓመት ሊራው ታሞ ነበር፤
ጠዋት ሞልቶ የተቆጠረ ማታ ጎድሎ የሚያድር።
«ደመወዜን በዶላር!» ብላ
ከአሠሪዋ ከኔጃቲ ቤይ ጋር ስትሟገት ዋለች፣ እህል ሳትበላ።
አሸንፋ ነበር የመጣችው።
መቶ መቶዎቹን አንድ በአንድ በቀዳዳው ሰደደቻቸው።
ሰባቱ ደህና፤
ስምንተኛዋ ግን ጠርዟ ተቀዶ፣ እንደ ቁስለኛ በፕላስተር ተሸፍና።

መመሪያው ከራሴ በላይ ተለጥፏል፦
ለተቀደደ ዶላር ከመቶው ስምንት ይቀነሳል።
አስልቼ አሳየኋት፤ ደህናዋ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
ይችኛዋ ግን ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።

ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ነው ፊቷን ያየሁት
በቀዳዳዋ በኩል፤ ግማሽ አፍ፣ አንድ ዓይን፣ ጥቂት ሽበት።
«የኔስ ጠርዝ አልተቀደደም? ይኸው ወገቤ፣ ይኸው ጣቴ፤
ድንበሩ እንዳለሁ አሳለፈኝ፤ ማን ስምንት ቀነሰ ከሰውነቴ?»

«መመሪያ ነው» አልኳት።
(መመሪያ መልስ ላጣ ሰው መልስ ናት።)
ሰባቱን መነዘረች። ስምንተኛዋን ከሻሿ ጫፍ ቋጠረች፣
«ለወላጅ አባቷ እመልሳታለሁ» ብላኝ ሄደች።

ብርዱ መጣ፣ ብርዱ ሄደ። ባሕሩ ጮኾ ጮኾ ደከመው።
ግንቦት ላይ ስትሻገር አየኋት፣ ከሩቅ፣ እጇን ብቻ ስታውለበልብ፤
ቋጠሮው ሻሿ ጫፍ ላይ ነበር፣ እንደ ሕፃን ክታብ።

ጥቅምት ላይ መጣች። ሌላውን ሳትነካ አንዲት መቶ አወጣች፣
በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ከደረቷ የከረመች፤
ሽብሽብ የላት፣ እጥፋት የላት።
«ይኸው» አለች፣ «ድንግል ናት፤
በል እንግዲህ ቀንስባት!»

ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁ።
ላሪያችን በርትቶ፣ ዶላሩ ወርዶ፣ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል፤
ለድንግሊቱ የሚከፈለው ሁለት መቶ ሰባ ሰባት ሆኗል።
እኔ ካዋረድኳት፣ ካምናዋ ቁስለኛ፣
በአሥር ላሪ አነሰች ጤነኛ።

እንዴት ልንገራት? ቁጥሩን ጽፌ ገፋሁላት፣
ዓይኔን መሳቢያው ውስጥ ቀበርኩት፣ እንዳላያት።

ሳቅ ሰማሁ። መስታወቱ በትንፋሽ ደበዘዘ።
«አውቶቡስ ላይ አስልቼዋለሁ» አለች።
«ግን ያን ለት፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ ከሚዛኑ ፊት፣ ለቃሚው ሁሉ ቆሞ፣
ያችን መቶ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት፣
ጢሙን ሲነካ፣ ኪሱን ሲነካ፣ ጢሙን ሲነካ ደግሞ፣
ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ፣ ሲቀላ እስከ ግንባሩ፣
አየሁት እኮ በዓይኔ በብረቱ!
ለዚያ አሥር ላሪ ውድ ነው?»

ከኋላዋ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዱ ጥሩንባ ይነፋል።
እኔ ቆጠርኩላት፤ ደግሜም ቆጠርኩላት።
አልጎደለም።