የጃርቱ ድርሻ

ነሐሴ ሲያጋምስ፣ ከቲሳ ወንዝ ዳር፣
ፕሪሙ ይረግፋል ሳይነኩት በበትር፤
ቆዳው ወይን ጠጅ፣ ብናኝ የለበሰ፣
ሲይዙት የሞቀ፣ ሲገምጡት የራሰ።

ጎረቤቴ ቪልሞሽ የመዳብ ጎላውን
በጋሪ ገፍቶ አመጣ፤ የጎደጎደ ጎኑን
በመዳፉ እያሻሸ፦ «ይህቺን ያጎደጎዳት
አባቴ ነው» አለኝ፣ «በሠርጉ ዋዜማ ጥሏት።»

ከጠዋት ጀምረን ዘሩን ፈለቀቅን፣
እስከ ክርናችን በጭማቂ ራስን።
ተርቡም አልቀረ፣ ድርሻውን ሊወስድ
በጆሯችን ዙሪያ ሲመጣ ሲነጉድ፣
ኢቦያ በፎጣ እያሳደደችው
«ና እስቲ ዘር ፈልቅቅ፣ ከዚያ ብላ!» አለችው።
ወንድሜ ዦልት ከልጄ ከጌርጎ
ዘር መትፋት ገጠመ ባልዲ ዒላማ አድርጎ፤
ባልዲው ተርፎ ዶሮዋ ተመታች።

ስኳር አይገባበት፣ ውሃ አይነካው ጨርሶ፣
ማርማላታችን ይበስላል በገዛ ወዙ ርሶ።
ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ማማሰል አይቆምም፣
እጅ ይቀያየራል እንጂ ዘንጉ አያርፍም።
ለአንድ አፍታ ከቆመ ታቹ ያርራል፣
ታቹ ካረረ የላዩም ይመርራል።

ማታ ከሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣
ሌቾውን ከድስቱ በዳቦ ጠረግን፤
ቃሪያና ቲማቲም፣ ሽንኩርት የጠገበ፣
ከጭሱ ጋር ሆኖ አፋችን የከበበ።
የበቆሎ እሸቱ ከፍም ላይ ሲንጣጣ፣
ቦሮካ ከመሀል አንዲት ፍሬ መርጣ
የፊት ጥርሷ ካለበት — ከነበረበት — ክፍተት ሰክታ
«በቀለልኝ!» አለች፣ አንገቷን አቅንታ።
ዦልት ትን አለው።

ሌሊቱን ተካፈልን፦ ዦልት እስከ ስድስት፣
ኢቦያ እስከ ስምንት፣ እኔ እስከ ንጋት።
ጌርጎ ስልኩን ታቅፎ ከምንጣፉ ቀረ።
ቦሮካ ግን «አልተኛም!» ብላ፣ ፊቷ ጠቆረ፤
የቢራ ሣጥን ገልብጣ ላዩ ቆመችና
እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ዘንጉን ይዛ ጸና፣
ከጎኔ ትቀዝፍ ጀመር ያን ጥቁር ባሕር።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፦ «አባዬ፣ ደክሞሃል፤
ትንሽ ጋደም በል፣ እኔ አለሁ» ስትለኝ
አንጀቴን በላችው። ዓይኔን ጨፈንኩላት፤
ጨፈንኩላት እንጂ፣ መች እንቅልፍ ወሰደኝ?
በሽፋሽፍቴ ሥር ሰርቄ ሳያት፣
ትቆጥራለች ልጄ፦ «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ»፣
ግራ፣ ቀኝ፣
ግራ፣ ቀኝ።

ከአጥሩ ሥር ቅጠሉ ኮሽ አለ።
ጃርት ነው፣ ትንሽ ነው፣ አፍንጫው የራሰ፣
የረገፈ ፕሪም እያነፈነፈ
ከሣጥኑ ደረሰ።
ዘንጉ ቆመ።

ልነሣ አሰብኩና፦ ብነሣ ይሸሻል።
ዝም ብል የቀን ልፋት፣ ያ ሁሉ ያርራል።
ጎላው ቧ! ቧ! ይላል፣ እሳቱ አልተኛም፤
እሷ ተንበርክካ፣ ትንፋሿም አይሰማም፣
በጣቷ ጫፍ ይዛ ፍሬ ታቀብለዋለች።
ስንት ደቂቃ ሆነ? እኔም አልቆጠርኩም፣
እሷም ቁጥሯን ረስታለች።

ጎሕ ሲቀድ ዘንጉ ከመሀሉ ተተክሎ
ቀጥ ብሎ ቆመ። «ደርሷል!» አለ ዦልት፣ ጠርሙሱን ደርድሮ።
ቪልሞሽ በማንኪያ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ፣
«ጭስ ጭስ ይላል» አለ፣ ቅንድቡን እያነሣ።
ቦሮካ ጫማዋን አየች።
«የግራር እንጨቱ ነው» አልኩት፣ «እርጥብ ነበር።»
ውሸቴን ነው። እንጨቱ ሁለት በጋ የደረቀ ነበር።

ዛሬ የካቲት ነው፤ መስኮቱ በረዶ ለብሷል።
ዳቦዋ ላይ ቀባሁላት፤ ጥርሷም አሁን በቅሏል።
አጣጣመችና ቆየች፣ ከዚያም ቀስ ብላ፦
«አባዬ፣ ያን ሌሊት የምር ተኝተህ ነበር?»
«ጭልጥ ብዬ» አልኳት።
«እንደ ጃርቱ?» አለችና
እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የቱ ጃርት?» አልኩኝ፣
ሌላ ቁራሽ እየቀባሁ።