ባለአሳንሰሩ

ኤሌውቴሪዮ ከወፍ ቀድሞ ይነቃል፣
በትንፋሹ ግለት ጣቶቹን ያሞቃል፤
አሮጌ ጋዜጣ ወለሉ ላይ አንጥፎ
አሮጊት ድመቱን ያነሣል ደግፎ፤
ፊኛዋን ጫን ሲያደርግ፣ ጠብ ጠብ ይላል ሽንቷ፤
ከከዳት ቆይቷል የኋላ ጉልበቷ።
የፊት መዳፏ ግን ልማዱን አልረሳም፦
ወረቀት ይጭራል፣ አፈር ባያነሣም።

ጎረቤት ዶራሊሳ በመስኮት ብቅ ብላ፦
«አንድ መርፌ ይበቃል፤ ምን ያለፋሃል ሌላ?»

ዝም አለ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚያ ዳገት ላይ፣
አሳንሰር ሲዘውር፣ ወጪ ወራጅ ሲያይ፣
«እግር የለህም ወይ?»
ብሎ ማንን ጠየቀ?

በፎጣ ጠቅልሎ ብብቱ ከተታት፤
የቫልፓራይሶን ደረጃ፣ ጉልበቱ ቋ እያለ፣ ወረደ፤
ወደቡ ጋ፣ ከጀልባ ገመድ ላይ፣
ነጭ የባሕር ወፍ አሳያት።

ሴኒሳ፣
ነገ እንደምታድን፣ ጥርሷን አፋጨች።